የኮምቦልቻን ጤና ከወረቀት ላይ መፈለግ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 3

የሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ በኅዳር ለሚያደርገው ጠቅላላ ስብሰባ ስለ አካባቢው ጤና የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት ፈልጓል። ሐሳቡን ያነሣችው የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። «ሰው የሚያወራው ስለ ስኳርና ስለ ግፊት ብቻ ነው፤ ወባውን ረስቶታል። እስቲ አንተ ቁጥር አምጣልን» አለችኝ። እኔ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ቤት ለቤት መጠይቅ አልበትንም፣ የማንንም ጣት አልወጋም። ማንም ሰው ሊያገኘው በሚችል መረጃ ብቻ ስለ ኮምቦልቻ ምን ያህል ማወቅ እንደሚቻል ማየት ነው የምፈልገው።

ደብተሬ ላይ የጻፍኳቸው ጥያቄዎች፦ ስንት ነን? ልጆቻችን እንዴት እያደጉ ነው? በምን እንታመማለን? በምን እንሞታለን?

ጥቅምት 5

ምንጭ ስሰበስብ ዋልኩ። የ1999ኙ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አለ፤ ከእሱ በኋላ በ2019 አነስ ተደርጎ የተሠራውም አለ። ጤና ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣው የጤናና ጤና ነክ አመልካቾች ጥራዝ አለ። ከዚያ ደግሞ ከሰማይ የሚመጣው፦ የሕዝብ ስርጭት ካርታ፣ የከፍታ ካርታ፣ የዝናብ መረጃ። ሁሉም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የሥነ ሕዝብ ጥናቱን ጥሬ ፋይል ለማውረድ ተመዝግቦ ምን ሊሠሩበት እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የእኔ ፈቃድ ቀደም ብሎ የወጣ ስለሆነ ፋይሉ ኮምፒውተሬ ላይ ነው።

የጤና ተቋማት ወርኃዊ ሪፖርት ግን እንዲህ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቶ አይገኝም። የግለሰብ ስም የሌለበት የወባ ድምር ብቻ እንዲሰጡኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። «ደብዳቤ ይዘህ ና» ተባልኩ። የማን ደብዳቤ ብል፣ የድርጅት። የቅሬው ዳኛ ማኅተማቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እዚያው ቁጭ ብለው መቱልኝ። ሠርቷል! ከአሁን በኋላ የቅሬ ማኅተም የሚንቅ ሰው ካገኘሁ እከራከረዋለሁ።

ጥቅምት 7

ስንት ነን?

እንደ ቆጠራው ከሆነ በ1999 ዓ.ም. ኮምቦልቻ 85,367 ሰው ነበራት። እዚያው ሰነድ ላይ ሌላ ቁጥርም አለ፦ 58,667። የመጀመሪያው በከተማ አስተዳደሩ ሥር ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ይጨምራል፤ ሁለተኛው የከተማ ነዋሪውን ብቻ ነው። የደሴም እንዲሁ ነው፤ በአጠቃላይ 151,174፣ ከተሜው ብቻ 120,095። ሰው «የኮምቦልቻ ሕዝብ» ብሎ ሲጽፍ ከሁለቱ የትኛውን እንደወሰደ አብሮ ካልጻፈ፣ ቀጥሎ የሚያሰላው መቶኛ ሁሉ ከመነሻው አጠራጣሪ ነው። ልዩነቱ 26,700 ሰው ነው፤ አንድ ትልቅ የገጠር ቀበሌ ሳይሆን በርካታ ቀበሌ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም። በ2009/10 ይካሄዳል የተባለው ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬ በየቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የሕዝብ ቁጥር በሙሉ በ1999 ላይ እየተባዛ የመጣ ትንበያ ነው። በስንት እየተባዛ? ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው።

ከተሜውን ብቻ ልውሰድ፣ 58,667። የአማራ ክልል በ1987 እና በ1999 ቆጠራዎች መካከል ያደገው በዓመት 1.7 በመቶ ነበር። በዚህ ፍጥነት እስከ 2017 ያለውን 18 ዓመት ባሰላው 79,500 ገደማ ይመጣል። አሁን ደግሞ ኮምቦልቻ እንደ ክልሉ አማካይ አላደገችም፣ በዓመት 4 በመቶ አድጋለች ብዬ ልያዝ። ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2009 ሐምሌ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከገጠር የሚመጣው ወጣት ሲታሰብ የተጋነነ ግምት አይደለም። 118,800 ገደማ ይሆናል።

ይህ በጤና ላይ ምን ያመጣል? ለምሳሌ ያህል በዓመት 100 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ተመዘገቡ እንበል። ቁጥሩን ለማስረዳት ነው ያመጣሁት እንጂ ከየትም አልወሰድኩትም። በትንሹ ሕዝብ ካካፈልኩ ከ100,000 ሰው 126 ታመመ ማለት ነው። በትልቁ ካካፈልኩ 84። አንድም ሰው ሳይድን፣ አንድም ሰው ሳይታመም፣ አካፋዩን በመቀየር ብቻ በሽታው በሲሶ ቀነሰ። ከተማዋ በጤና «ተሻሻለች» ወይም «አሽቆለቆለች» የሚል ሪፖርት ሳይ ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ የምጠይቀው በስንት ሰው እንደተካፈለ ነው።

በወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር አልጽፍም፤ «ከ80,000 እስከ 120,000» እላለሁ። ለስብሰባ አይመችም፤ ግን ሐቁ ይኸው ነው።

ጥቅምት 8

አካፋዩን ከሌላ በኩል ልያዘው ብዬ የሳተላይቱን የሕዝብ ካርታ ከፈትኩ። ምድሩን በ100 ሜትር በ100 ሜትር ቆራርሶ ለእያንዳንዱ ቁራሽ የሰው ግምት ይሰጣል። ሲያዩት ደስ ይላል፤ የደሴ መንገድ፣ ቦርከና፣ በርበሬ ወንዝ ሠፈር ሁሉ ደምቀው ይታያሉ። ነገር ግን ካርታው ራሱ ሰው አልቆጠረም። የቆጠራውን ድምር ወስዶ ጣሪያ ባለበት ላይ ማከፋፈል ነው ሥራው። ድምሩ ከየት መጣ? ያው ከ1999። ጣሪያን አይቶ ሰው የሚያከፋፍል ስልት ደግሞ የፋብሪካ ሼድንና መኖሪያ ቤትን መለየት ያስቸግረዋል፤ ኮምቦልቻን በሚያህል የሼድ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰው የት እንደተጠጋጋ ለማየት እጠቀምበታለሁ። ስንት እንደሆነ ለማወቅ አይሆንም።

ጥቅምት 12

ዛሬ ልጆቹን ያዝኩ።

የ2016ቱ ጥናት መላ አገሪቱን በ645 የናሙና ጣቢያዎች፣ ማለትም ቤቶች ተመርጠው በሚጠየቁባቸው ትንንሽ አካባቢዎች፣ ነው የሸፈነው። ይህ ለክልል ይበቃል፤ ለዞን አይበቃም፤ ለኮምቦልቻማ ጨርሶ። ኮምቦልቻ ውስጥ የወደቀ ጣቢያ ካለ ፈልጌ ላውጣው የሚል ሰው ደግሞ ሌላ አጥር ይጠብቀዋል። የተጠያቂዎቹ ማንነት እንዳይታወቅ ሲባል የእያንዳንዱ ጣቢያ መገኛ ሆን ተብሎ ከቦታው ይገፋል፤ የከተማው እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ የገጠሩ እስከ 5፣ ከገጠሮቹ ጥቂቶቹ እስከ 10። ከተማችንን በ2 ኪሎ ሜትር ብትገፋት ግማሿ ተራራ ላይ ትወጣለች። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሰው ምሥጢር ከእኔ ካርታ ይበልጣል።

ፋይሉን ስከፍት ያስደሰተኝ ነገር ቢኖር የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ዓመቱ የተመዘገበው 2008 ተብሎ ነው፤ የእኛው አቆጣጠር። ወራቱ ከ1900 ጀምሮ በተከታታይ ቁጥር ይቆጠራሉ፤ ጥር 2008 ማለት 1301 ነው። የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2016 በዚሁ ስሌት 1393 ይሆናል። ልዩነቱ 92። ከሌላ አገር መረጃ ጋር ማወዳደር የፈለገ 92 ይደምራል። ውጭ ያሉ ተመራማሪዎች በዚህ ምን ያህል እንደሚደናበሩ መገመት አያቅተኝም። ለአንድ ቀን እንኳ የሚደናበረው ሌላ ሰው ሆነ።

አሁን ቁጥሩ። ከ5 ዓመት በታች ሳሉ የሚሞቱ ልጆች በአገር ደረጃ ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱት 67፣ በአማራ ክልል 85። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ክልላችን በ18 ይብሳል» ማለት ይቀናል። ብዙዎችም ይላሉ። ግን የአገሩ 67 ከጥናቱ በፊት የነበሩትን 5 ዓመታት ነው የሚያሳየው፤ የክልሉ 85 ደግሞ 10 ዓመታትን። የክልሉ ናሙና ትንሽ ስለሆነ ነው ረዘም ያለ ጊዜ የወሰዱት። ሞት ባለፉት ዓመታት እየቀነሰ መጥቷልና ረዥሙ ጊዜ የድሮውን ክፉ ዘመን ጭምር ይዞ ይመጣል። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው አልልም፤ 18 ግን አይደለም።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። ከክልሉ 85 ሞት ውስጥ 47ቱ ገና አንድ ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች ናቸው። ከግማሽ በላይ። ክትባትም ሆነ የምግብ ምክር ሳይደርስባቸው፣ በወሊድና ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት የሚያልፉ።

መቀንጨር፣ ማለትም ልጅ ለዕድሜው ቁመቱ ሲያጥር፦ በክልሉ በ2016 ከ100 ልጆች 46፣ በ2019 41። በአገር ደረጃ 38 እና 37። ጤፉም ማሩም ሞልቶታል የሚባለው ክልል በመቀንጨር ከአገሩ በላይ መሆኑን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በስልክ ስነግራት አልገረማትም። «ልጁ የሚበላው ሽሮ ነው፤ እንቁላሉ ገበያ ይወጣል» አለች።

በወረቀቱ ላይ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ሥር አስቀምጬ በደማቁ «ይህ የአማራ ክልል ቁጥር እንጂ የኮምቦልቻ አይደለም» ብያለሁ።

ጥቅምት 13

መብራት የለም። ላፕቶፑ ሞቷል።

ጥቅምት 17

ደም ማነስ ላይ ነኝ። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች በተለይ የምጽፈው ነገር ካለ ይኸ ነው።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ብዙ ሄሞግሎቢን፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር፣ ያመርታል። ስለዚህ በደጋ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው ቁጥር በቆላ መመዘኛ ሲታይ «ጥሩ ነው» ሊያሰኝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 እስኪቀይረው ድረስ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ የማስተካከያ ሠንጠረዥ ነበረ፤ ከተለካው ላይ በ1,500 ሜትር ከፍታ 0.5፣ በ2,000 ሜትር 0.8፣ በ2,500 ሜትር 1.3 ግራም በዴሲ ሊትር ይቀነስ ነበር። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ከተቀነሰ በኋላ ከ12 በታች ከሆነች ደም ማነስ አለባት ይባላል።

ሁለት እህትማማቾች አሉ እንበል። አንዷ ደሴ መሀል ከተማ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትኖራለች። ሌላዋ የሐረጎን ተራራ ወርዳ ኮምቦልቻ፣ 1,850 ገደማ ላይ አግብታለች። ሁለቱም ተመርምረው ሄሞግሎቢናቸው 13.0 ወጣ፤ በዚያ ሠንጠረዥ እንያቸው። የኮምቦልቻዋ 0.7 ያህል ተቀንሶባት 12.3 ትሆናለች፤ ጤነኛ። የደሴዋ 1.3 ተቀንሶባት 11.7፤ ደም ማነስ አለባት። በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው የሚለያቸው።

የአገር አቀፉ ጥናት ይህን ማስተካከያ አድርጎ ነው ቁጥሩን ያወጣው፤ በ2016 ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶ፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 57 በመቶ ደም ማነስ ነበራቸው። ከአንድ ላቦራቶሪ መዝገብ ተገልብጦ የሚመጣ ቁጥር ግን ተስተካክሎ ይሁን አይሁን ከወረቀቱ አይታወቅም። እንዲህ ያለውን ከአገር አቀፉ ጋር ማወዳደር የደሴን ሴቶች ሁሉ ጤነኛ አድርጎ መዝጋት ነው።

የከፍታ ካርታውን አውርጄ ኪው ጂ አይ ኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ከፈትኩት። በ2,000 ሜትር ላይ መስመር ሳሰምር መስመሩ ከሐረጎ ጠመዝማዛ ጋር ተጠላለፈ። ከላይ ደሴ፣ ከታች እኛ። ይህንን ካርታ ለወባው እፈልገዋለሁ።

ጥቅምት 21

ወባ።

በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ለወባ የተጋለጠ ተብሎ ነው የሚያዘው። ኮምቦልቻ ሙሉ ከተማዋ ከመስመሩ በታች ናት፤ ደሴ ከመስመሩ በላይ። የደሴ ዘመዶቻችን «የእናንተ አገር ትኩሳት» እያሉ የሚያሾፉብን ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ዋናው ወቅት ነው፤ በልግ ከዘነበ ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ትንሽ ብቅ ይላል።

በቅሬው ማኅተም ያገኘሁት የወር ድምር ኤክሴል ላይ አለ። ከዝናቡ መረጃ ጋር ላስተያየው ስል ወራቱ አልገጠሙም። ምክንያቱ የጤና ተቋማት ወር የሚጀምረው በ1 አይደለም። የጥቅምት ሪፖርት ማለት ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 20 ያለው ነው። የወረርሽኝ ክትትሉ ሳምንታዊ ሪፖርት ደግሞ ከሰኞ እስከ እሑድ ሆኖ በፈረንጅ የሳምንት ቁጥር ይሄዳል። የሳምንቶቹን ደምሮ ወሩን ለማግኘት የሚሞክር ሰው አይሳካለትም፤ ቢሳካለት ይጠርጥር። ዝናቡ በየ5 ቀኑ ስለሚገኝ እሱን ከ21 እስከ 20 አድርጌ ደመርኩት። ወር ከወር ገጠመ።

ከዚያ አንድ ረድፍ ላይ ቆምኩ። ኅዳር 2014፦ ዜሮ።

ኅዳር በኮምቦልቻ የወባ ዜሮ! ከዓመቱ ወራት ሁሉ ለይቶ ኅዳር! በዚያ ወር ከተማዋ በምን ላይ እንደነበረች እዚህ ያለ ሰው አይረሳውም። ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ የተያዙት በጥቅምት ማብቂያ ላይ ነው፤ እስከ ኅዳር 27 ድረስም በዚያው ሁኔታ ቆዩ። ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የደሴው ትልቁ ሆስፒታል ሳይቀር። መርማሪ የለም፣ መመርመሪያ የለም፣ ሪፖርት የሚልክ ሰው የለም። ሕመሙ ነበረ፤ ጻፊው ነው ያልነበረው። ከስንት እጅ ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ ባዶው ሣጥን 0 ሆኗል።

ይህ ዜሮ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። የ5 ዓመት አማካይ ቢወጣ የኅዳርን ወር በአንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ያደርገዋል። የወረርሽኝ ማስጠንቀቂያ መስመር የሚሰመረው ደግሞ ካለፉት ዓመታት ተነሥቶ ነው፤ መነሻው ዝቅ ካለ፣ በሚቀጥለው ኅዳር የተለመደው ወባ እንኳ ወረርሽኝ መስሎ ይታያል። ዜሮውን አጥፍቼ ሣጥኑን ባዶ አደረግሁ፤ ከጎኑ «ሪፖርት የለም» ጻፍኩ። ከኅዳር በኋላ ያሉት ጥቂት ወራትም ያላለቁ ስለሚመስሉ ቀለማቸውን አደበዘዝኩ። በግራፉ ላይ መስመሩ ይቋረጣል። ይቋረጥ።

በአገር ደረጃ ያለው ሥዕል ግን ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ባለሙያዋ «ሰው ወባውን ረስቶታል» ያለችው ይኸን ነው።

ጥቅምት 24

ለወባው ገጽ የምጨምረው ሌላ ነገር። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ወባ ሲባል ኩሬ፣ ረግረግ፣ የቦርከና ዳርቻ ነበር የሚታሰበን። አሁን ሌላ ትንኝ መጥታለች፤ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፤ አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በተደረገው ፍለጋ ከተገኘችባቸው ከተሞች አንዷ ባቲ ናት። ባቲ! ሰኞ ሰኞ ለገበያ የምንሄድባት።

ይህችኛዋ ከተሜ ናት። ንጹሕ ውሃ ባለበት ዕቃ ሁሉ ትራባለች፤ ሮቶ ውስጥ፣ በርሜል ውስጥ፣ ለግንባታ በተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሮቶና በርሜል የሌለው ቤት የለም። ለስብሰባው የሚጠቅመው ነገር ከሁሉም ቁጥሮች ይበልጥ ይኸ ሳይሆን አይቀርም፤ ክዳን መግጠም ማንም ይችላል።

ጥቅምት 27

ሞት።

ልደትና ሞት በሕግ መመዝገብ የጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ልደቱ ለትምህርት ቤት፣ ጋብቻው ለፓስፖርት ይፈለጋልና ሰው ሄዶ ያስመዘግባል። ሞትን ግን ውርስ ወይም ጡረታ ካልገፋው ማን ያስመዘግባል? ስለዚህ ሌላ መዝገብ አሰብኩ፦ ቅሬ ራሱ።

የቅሬው ዳኛ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው፣ መዝገቡን ከነከረጢቱ አመጡልኝ። እሳቸው ቤት፣ እሳቸው ፊት ቁጭ ብዬ እንዳየው እንጂ ይዤ እንዳልወጣ ተስማማን። ስም አልገለብጥም፤ ወሩን፣ ጾታውን፣ ትልቅ ሰው ወይም ልጅ መሆኑን ብቻ።

ወፍራም ባለ መስመር ደብተር ነው፤ ጠርዙ ከብዙ እጅ የተነሣ ጠቁሯል። ቀኑ አለ፣ የአባሉ ስም አለ፣ የተከፈለው ገንዘብ አለ፣ ድንኳኑና ወንበሩ መመለሱ አለ። የመስጊድም የቤተ ክርስቲያንም ቀብር በአንድ ገጽ ላይ ተከታትሎ ይወርዳል፤ የወሎ ቅሬ እንደዚህ ነው። ሴት ስትሞት ብዙ ጊዜ በራሷ ስም አልተጻፈችም፤ «የእገሌ ባለቤት» ወይም «የእገሌ እናት» ነው። ዕድሜ የሚባል ዓምድ የለም። በምን ሞተ የሚልማ ከናካቴው የለም።

«ሐጂ፣ ሕፃናት የት ነው የሚጻፉት?» አልኳቸው።

«የትኞቹ ሕፃናት?»

«ተወልደው በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት የሚያርፉት።»

ትንሽ ዝም ብለው «አይጻፉም» አሉኝ። «ለእነሱ ድንኳን አይወጣም። ሴቶቹ ይሄዱና ያጽናናሉ፣ ቤተሰቡ ይቀብራል፣ አለቀ። አየህ ልጄ፣ ይኼ መዝገብ ለገንዘቡ ነው እንጂ ለበሽታው አይደለም።»

እንግዲህ በጥቅምት 12 የጻፍኩት፣ በክልሉ ከሚሞቱት ሕፃናት ከግማሽ የሚበልጡት ጨቅላዎች፣ መዝገቡ ውስጥ አንድም ቦታ የላቸውም። ከዚህ በላይ ደግሞ ቅሬ ያልገባ ሰው አለ፤ ቤት ተከራይቶ ፋብሪካ የሚሠራው ወጣት፣ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ የመጣው። እነሱ ሲሞቱ አስከሬናቸው ወደ ትውልድ ቀበሌያቸው ነው የሚሄደው።

ያም ሆኖ የአዋቂ ሰው ሞት በየትኛው ወር እንደሚበዛ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ወረቀት በእጄ የለም። ወራቱን ገልብጫለሁ። ወደ መቶኛ አልቀይራቸውም፤ የቅሬው አባላት ቤተሰብ ስንት እንደሆነ ስለማይታወቅ አካፋይ የለኝም።

ኅዳር 1

ስለ ግፊት አጭር። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር። ለኮምቦልቻ እንደወረደ ልወስደው አልችልም፤ የፋብሪካው ሥራ ያመጣው ወጣት፣ በተለይም ወጣት ሴት፣ የከተማዋን ዕድሜ ዝቅ ያደርገዋል። ወጣት የበዛበት ከተማ ግፊቱም ሞቱም ዝቅተኛ ይመስላል፤ የ50 ዓመቱ ሰው ግን ከሌላ ከተማ እኩያው የተሻለ ጤና አለው ማለት አይደለም። በዕድሜ ክፍል ተከፍሎ ካልታየ ዋጋ የለውም፤ የከተማችን የዕድሜ ክፍፍል ደግሞ ያው የ1999ኙ ነው። አለፍኩት።

ኅዳር 4

አንድ የቅሬው አባል «ወንዙንስ?» አለኝ። ከፋብሪካዎቻችን አጠገብ አልፈው ቦርከና በሚገቡት ወንዞች ላይ የታተሙ ጥናቶች አሉ፤ ክሮሚየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በቦርከና ውሃ ሰላጣና ጎመን የሚያለማ ሰው አለ። ነገር ግን በውሃው ውስጥ መኖሩና ሰው በዚያ መታመሙ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን የሚመልስ የከተማዋ መረጃ በእጄ ካለው ውስጥ የለም። ከገጹ ግርጌ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠሁት። አባሉ ቅር ብሎታል፤ እሱ የፈለገው ርዕስ እንዲሆን ነበር።

ኅዳር 8

ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ረቂቁን ተመለከትን። «ከ100,000» የሚለውን ባየችበት ቦታ ሁሉ ሰረዘች። «እዚህ የሚሰበሰበው ሰው 100,000 የሚያውቀው ከብር ላይ ነው» አለች። ሁሉም በ«ከ100» እና በ«ከ1,000» ሆነ። የወባው ግራፍ ላይ የተቋረጠውን መስመር ደግሞ «ማተሚያ ቤቱ ያበላሸው ይመስላል፤ ሙላው» አለችኝ። አልሞላሁትም። ተከራከርን፤ በመጨረሻ ክፍተቱ ላይ «ኅዳር 2014፣ ሪፖርት የለም» ተብሎ በትልቁ እንዲጻፍ ተስማማን።

የክትባት ሽፋን ያልጨመርኩት ለምን እንደሆነም ጠየቀችኝ። ተጠባቂ ሕፃናት የሚባሉት ከትንበያው ሕዝብ በመቶኛ ተሰልተው ነው የሚገኙት፤ ከተከታቢዎቹ መካከል ግን ከዙሪያው ከቃሉ ወረዳ ልጃቸውን አዝለው የሚመጡ እናቶች አሉ። ላይኛው ቁጥር የሁለት ወረዳ፣ ታችኛው የአንድ ከተማ ሲሆን ሽፋኑ ከመቶ በላይ ቢወጣ ምን ይገርማል? ሳቀች። «እኛ ጋ 100 ካለፈ የሚጠይቅ የለም፤ ከ90 ከወረደ ነው የሚጠራን» አለች።

ኅዳር 14

ስብሰባው ተካሄደ። ስለ ሮቶ ክዳን ብዙ ተወራ፤ ክዳኑ ለብቻው የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሰው ተገኘ። ስለ ሕዝብ ብዛቱ «80,000 ወይስ 120,000፣ ቁርጡን ንገረን» የሚል ጥያቄ ከሦስት ወገን መጣ፤ ቁርጥ የለም አልኩ።

ሐጂ በመጨረሻ ተነሥተው መዝገቡ ከጥር 1 ጀምሮ ሁለት ዓምድ እንዲጨመርበት ሐሳብ አቀረቡ፤ የሟች ዕድሜና ጾታ። አለፈ። «በምን ሞተ» የሚለውን እኔ ጨምሬ ባነሣ ተቃውሞው በረታ፤ ሰው በበሽታው ስም እንዳይጠራ፣ ቤተሰብ እንዳይሸማቀቅ። ትክክል ናቸው፤ ሐሳቤን አንሥቻለሁ። ጨቅላዎቹም ገንዘብ ባይከፈልባቸውም እንዲመዘገቡ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ደገፉ። እዚያው ከትልልቆቹ ተራ ይጻፉ ወይስ በደብተሩ መጨረሻ የራሳቸው ገጽ ይኑራቸው የሚለው ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል።